በምሳ አልዳርም

ሳሊሃ የሙሽራ እጅ ይዛ ሂና ስትቀባ አንድ ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም። መዳፉን ጨርሳ ወደ ጣቶቹ ስትሻገር፣ ካቀረቀረችበት ቀና ሳትል፣ «እስቲ ልጄ፣ ለምንድን ነው የምታገቢው?» ትላለች።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ሙሽሮቹ ግን ሁለት እጃቸው ሂና ተቀብቶ፣ ፊታቸውን የሚሸፍኑበት አጥተው ይጨነቃሉ። አንዷ «ኧረ እማማ፣ ሁሉም ሰው ያገባ የለም እንዴ!» ትላለች። ሌላዋ ልጅ እንደምትፈልግ ትናገራለች፤ ያውም ከነስማቸው። ትዳር የዲን ግማሽ ነው ብላ እንደ ኡስታዝ የምታስተምር አለች። ከእንጀራ እናቷ ቤት ለመውጣት እንደሆነ ተናግራ ያለቀሰች አለች። «ያስቀኛል» ብላ፣ ያሳቃት ነገር እዚያው ትዝ ብሏት፣ እጇ ተንቀጥቅጦ የተቀባችውን ሁሉ ያበላሸችም አለች። ሳሊሃ ለሁሉም «ማሻአላህ» ትላለች እንጂ ይሄ ልክ ነው፣ ያ ስህተት ነው ብላ አትፈርድም።

ክፍሏ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጀርባ ናት። አንዲት መስኮት አለቻት፤ በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲደፍናት ሙሽሮቹ በጠራራ ቀን በአምፖል ይቀባሉ። ሳሊሃ ዱቄቱን በሎሚ ውሃ ለውሳ፣ አሳድራ፣ በቀጭን እንጨት ነው የምትስለው። ዛሬ ዛሬ ፒያሳ ያሉት የውበት ሳሎኖች በቱቦ የተዘጋጀ ሂና ይዘው ባንድ አፍታ አበባውን ሁሉ ይነሰንሱታል፤ ያም ሆኖ የእሷን ቀለም የሚፈልግ አልጠፋም። እናቶቻቸውን የቀባችላቸው ልጆች አድገው፣ እነሱም በተራቸው እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ይቀመጣሉ። እናቲቱ ያኔ ምን ብላ እንደነበር ሳሊሃ ታስታውሳለች። ለልጅቱ ግን አትነግርም።

ባለፈው ጥር ኩኩ የምትባል ሙሽራ ጥያቄውን ገለበጠችባት። አንደበቷ የማይታጠፍ ልጅ ናት።

«እኔ ከመመለሴ በፊት እርስዎ ይመልሱ» አለች። «ለምን አገቡ?»

«ስለዳሩኝ ነዋ!» አለች ሳሊሃ፤ ሚዜዎቹ ሁሉ ሳቁ።

«እሺ። አሁን ቢያገቡስ? ለምን ያገባሉ?»

«አሁንማ...» አለችና እንጨቷ በኩኩ ሌባ ጣት ላይ ቆመ። «አሁንማ ማን ይጠይቀኛል» ብላ ወደ ቀጣዩ ጣት አለፈች።

የሚጠይቃት ሰው ያን ሰዓት እዚያው ገበያ ውስጥ፣ ከሎሚ ክምር ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ሳሊሃ ይህን አልጠረጠረችም። ቢያንስ አልጠረጠርኩም ትላለች።

ከሁሉ በፊት ግን ሰይድ ነበር። ሰይድ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሲድሯት መልኩን አይታው አታውቅም፤ ገብታ ስታየው ክርክር የሚወድ ሰው ሆኖ አገኘችው። በወጥ ጨው ይከራከራሉ፤ በሬዲዮ ድምፅ ይከራከራሉ፤ ጫማ ከበሩ በስተቀኝ ይቀመጥ ወይስ በስተግራ በሚለው ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈው ያውቃሉ። ኩርፊያው የሚያልቀው አንዳቸው ሳቅ ሲያመልጣቸው ነው። ጎረቤቱ «እነዚህ ዛሬ ይፋታሉ» እያለ፣ እነሱ አብረው ሊሸመግሉ ትንሽ ሲቀራቸው ሰይድ ታመመና ሞተ። ሂሻም ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ሳሊሃ አንድ ልጇን በሂና አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ፋኢዛን አግብቶ እዚያው ይኖራል።

ከሰይድ በኋላ ሰው ሁሉ አከበራት። ያለ አባት ልጅ ያሳደገች ሴት ናትና ማንም በፊቷ ቃል አይመልስም። ለሰፈሩ «እማማ» ናት፤ ለዘመድ «የሂሻም እናት»። ዛሬ ዝናብ ይመጣል ካለች፣ ሰማዩ ጠርቶ እያዩት «ልክ ነዎት» ይሏታል።

አብዱልወሀብ ግን ልክ ነሽ አላላትም።

አብዱልወሀብ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በመስኖ የሚያለማት ማሳ አለችው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ሴቶች ልጆቹም አግብተው ሄደዋል። ሰኞ ሰኞ ሎሚና ሽንኩርቱን ጭኖ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ደሴ ይደርሳል። መጀመሪያ የተገናኙ ቀን ሳሊሃ አንዱን ሎሚ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ «ይሄ ሎሚ ውሃ የለውም» አለችው።

«ሎሚው ውሃ አለው። አንቺ ነሽ መጭመቅ የማታውቂው።»

አጠገቡ የነበሩት ቲማቲም ሻጮች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አንዷ ጎነጥ አድርጋው፣ «ሰውዬ፣ እማማ ሳሊሃ እኮ ናቸው!» አለችው።

«ሳሊሃ ናት ታዲያ» አለ አብዱልወሀብ። «ስሟ ሎሚ አይጨምቅ።»

ተናዳ ሄደች። ቤቷ ገብታ ሎሚዎቹን ስትጨምቃቸው ውሃቸው የተትረፈረፈ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ይብሱን አናደዳት። በሚቀጥለው ሰኞ፣ ውሃስ አለው፣ ነገር ግን አይኮመጥጥም ልትለው ተመልሳ ሄደች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት ተደገመ። የሎሚው ነገር ሲያልቅባቸው በሽንኩርት ተከራከሩ፤ የሽንኩርቱ ሲያልቅ ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ በሚለው ያዙ። እሱ «ደሴ ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ የሚኖርበት አገር ነው» ሲላት፣ እሷ «እናንተ ጋ ሰው እንደ ቅቤ ይቀልጣል» ትለዋለች። ቲማቲም ሻጮቹ ለምደዋቸው፣ ሳሊሃ ብቅ ስትል ደንበኛቸውን ዝም አሰኝተው ማዳመጥ ጀመሩ።

ኩኩ ተሞሽራ ከሄደች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አብዱልወሀብ ሎሚዋን መርጦላት ፌስታሉን ሳይሰጣት በእጁ ያዘው።

«ሳሊሃ» አለ። «እኔ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነው የማወራ። እኔው እናገራለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ። ሁልጊዜ የማሸንፈውም እኔው ነኝ፤ ሰለቸኝ። ብንጋባ ምን ይመስልሻል?»

ሳሊሃ ፊቷ ጋለ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ቲማቲም ሻጮቹ አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወሊ አለኝ» አለች።

«ማን?»

«አባቴም ወንድሜም የሉ። የሚድረኝ ሂሻም ነው። ሽማግሌ ላክበት።»

ፌስታሉን ተቀብላው ሄደች። የገዛችው ሎሚ ጥሩ ይሁን መጥፎ ያን ቀን አላየችውም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሼህ ጀላል፣ ሁለተኛው የአብዱልወሀብ ታላቅ ወንድም፣ ሦስተኛው ደግሞ ማሳቸው ከአብዱልወሀብ ማሳ የሚዋሰን አቶ ሞላልኝ። አቶ ሞላልኝ ክርስቲያን ናቸው፤ ከአንድ ቦይ ውሃ ሲካፈሉ የኖሩ ጎረቤታሞች በእንዲህ ያለ ቀን አይለያዩም። አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ተነሥተው ኮምቦልቻ፣ ሂሻም ቤት ሄዱ።

ሳሊሃ የሆነውን የሰማችው ከፋኢዛ ነው። ስልኳ ሲጮኽ ሂና እየለወሰች ነበር።

«እማዬ፣ ተቀምጠዋል?» አለች ፋኢዛ።

«ቆሜያለሁ። ምን ሆነ?»

«ይቀመጡ። ተድረዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ወግ አለው፤ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ግን አለቀ፤ ሰጪው ሰጠ ማለት ነው። ሂሻም ይህን ወግ በጆሮው ሰምቶት ይሆናል፤ በዓይኑ ግን አይቶት አያውቅም። ለራሱ ሽማግሌ ሲላክ ሙሽራ ነውና ከቤት ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደጁ ላይ የቆመ ሽማግሌ የለም። ያን ቀን የሌሊት ፈረቃ አድሮ ተኝቶ ነበር። ዓይኑን እያሸ ሲወጣ ሦስት ሰዎች ቆመው አገኘ። ሼህ ጀላል አላህን አመስግነው፣ በነቢዩ ላይ ሰላዋት አውርደው፣ እናቱን ለአብዱልወሀብ እንዲሰጥ ጠየቁት።

«ክው ብሎ ቀረ» አለች ፋኢዛ። «አንዴ እኔን ያያል፣ አንዴ እነሱን ያያል። ከዚያ እስኪያስብበት ድረስ ማዘናጊያ ይሆነኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ 'ኧረ መጀመሪያ ምሳ ይቅረብ!' አላለም?»

«ያ አላህ!»

«እኔ ጓዳው በር ላይ ሆኜ በዓይኔ ጠቀስኩት፤ በእጄ ተው አልኩት። እሱ እቴ! 'ምን ቆመሻል፣ አቅርቢ እንጂ' ይለኛል።»

«ታዲያ አቀረብሽ?»

«ባሌ አቅርቢ ሲለኝ ምን ላድርግ?» አለች ፋኢዛ። ድምፅዋ ውስጥ ጸጸት የሚባል ነገር አልነበረም።

ሼህ ጀላል ጨዋ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት «ልጄ፣ አስበህበታል?» ብለው ጠይቀውታል። ሂሻምም «ለምሳ ምን ሐሳብ ያስፈልጋል! በአላህ ብሉ!» ብሎ መልሷል። የአብዱልወሀብ ወንድም ይህን ሳይጠብቁ ታጥበው ተቀምጠው ነበር። ፋኢዛ ለአቶ ሞላልኝ ለብቻ ሽሮ ብታቀርብላቸው፣ «ረቡዕ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብለው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ሁለቱ በልተው ሲያበቁ ሼህ ጀላል እጃቸውን ከፍ አድርገው ለሙሽራውና ለሙሽሪት ዱአ አደረጉ። ሂሻም ከእንቅልፉ ገና በደንብ አልነቃም መሰል፣ አብሮ አሚን አለ። ከዚያ ነው የባነነው።

«'እኔ እኮ ገና መልስ አልሰጠሁም!' ይላል» አለች ፋኢዛ። «የሰውየው ወንድም 'በላን እኮ!' ይሉታል። 'ምሳ ነው የበላችሁት!' 'ምን ልንበላ ኖሯል ታዲያ?' ቢጨንቀው ወደ አቶ ሞላልኝ እየጠቆመ 'እሳቸው አልበሉም! ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁ ሁለት ናችሁ የበላችሁ!' አለ።»

«ሼህ ጀላልስ?»

«'ሞላልኝ ሆዱ ነው እንጂ የጾመው ሽምግልናው አልጾመም' ብለው ተነሡ።»

ሳሊሃ ሂና በነካው እጇ አፏን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። አገጯ ላይ የቀረውን ቀለም እስከ ሳምንት ድረስ ልታስለቅቀው አልቻለችም። ሳቋ ጋብ ሲልላት፣ «አሁንስ ምን እያደረገ ነው?» አለች።

«ተከናንቦ ተኝቷል። አልተኛም ግን። 'እናቴን በወጥ ሰጠኋት' ይላል። አልተስማማሁም ነው የሚለው፣ እማዬ። ከፍቶታል።»

ያን ጊዜ ሳሊሃ ተቀመጠች።

ሼህ ጀላልና አቶ ሞላልኝ የምሥራቹን ራሳቸው ሊነግሯት በዚያው በሚኒባስ ደሴ ወጥተው፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ በሯን አንኳኩ። ሼህ ጀላል ዳገቱ ሁሉ ያለቀላቸው ሰው መስለዋል።

«አብሽሪ፣ የሂሻም እናት!» አሉ። «ነገሩ አልቋል። ቀን ቁረጪና ኒካው ይታሰር።»

«ሂሻም ሰጠ?»

ሼህ ጀላል ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ማዕዱን አቀረበ። ቀመስን። በወጉ ሰጥቷል።»

«በአፉስ?»

«በአፉማ...» አሉ አቶ ሞላልኝ። «በአፉ ትንሽ ተንጫጭቷል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልበላሁም።»

«አንተ ደግሞ!» አሉ ሼህ ጀላል።

ሳሊሃ ሁለቱንም አየቻቸው። ነገሩ እጇ ውስጥ ገብቷል። እሺ ብትል የሚከለክላት የለም፤ ሽማግሌ መስክሮላታል። በሚመጣው ወር ቦርከና ዳር ሆና በሽንኩርት እየተከራከረች መኖር ትችላለች። ነገር ግን ልጇ ተከናንቦ ተኝቷል። የኒካው ቀን እጁን ሰጥቶ «ድሬያለሁ» የሚለው እሱ ነው። በጉሮሮው የተጣበቀ ቃል አስወጥታ ልታገባ ነው?

«አላህ ይስጣችሁ፤ ደክማችኋል» አለች። «ግን እኔ በምሳ አልዳርም።»

«ምን?»

«ልጄ ዓይኔን እያየ ሰጥቻለሁ ካለ አገባለሁ። እንቢ ካለም እንቢ ነው፤ ለአብዱልወሀብ ይህንኑ ንገሩልኝ።»

አቶ ሞላልኝ ፈገግ አሉ። ሼህ ጀላል ግን «ሱብሃነላህ» ብቻ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ሳሊሃ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ደሴ ስትነሣ ጭጋግ ነበር፤ ሀረጎን ስታጋምስ ጭጋጉ ከላይ ቀረና ፀሐይ ወጣ፤ ጋቢዋን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው። እዚህ መንገድ ላይ ሰይድ ሁልጊዜ አብሯት አለ። ባገቡ በመጀመሪያው ዓመት የሚያድሰውን አይሱዙ ሊሞክር ሲወርድ ጋቢና አስቀምጦ ወስዷት ነበር። እሷ ሞቀኝ ብላ መስኮቱን ስትከፍት፣ እሱ አቧራ ገባ ብሎ ሲያዘጋት፣ ስትከፍት ሲያዘጋት ኮምቦልቻ ደረሱ። ዛሬም አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት «እማማ፣ መስኮቱን ልዝጋልዎት ወይስ ይከፈት?» አላት። «እንደፈለግህ» አለችው። «ኧረ እርስዎ እንደፈለጉ» አለ። እንደፈለግህ እንደፈለጉ ሲባባሉ መስኮቱ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ቀረ።

ሂሻም በር ላይ ተቀበላት። እጇን ስሞ፣ ፍራሹ ላይ ትራስ ደርቦ አስቀመጣት። ከፊቷ ተቀምጦ ግን መሬት መሬት ያያል። መናገር የጀመረው እሱ ነው።

«እማዬ፣ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ትዳር ለምን? ሰው ለምን እንደሚያገባ እኔም አውቃለሁ። ልጅ ለመውለድ ነው፤ ወልደሻል። የሚጦር እንዲኖር ነው፤ እኔ አለሁ። ለዲን ነው ካልሽም አባዬ ጋ ግማሹን ሞልተሻል።»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። ሰውስ ምን ይላል? ሂሻም እናቱን መጦር አቅቶት ለሎሚ ነጋዴ ዳራት አይሉም?»

«ይላሉ» አለች ሳሊሃ። «ሰው ካላለ አፉ ይደርቃል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ፋኢዛን ለምን አገባሃት?»

ከጓዳ የሳህን ድምፅ ቆመ። «ይህንንስ ልስማ!» ብላ ፋኢዛ እጇን እየጠረገች መጥታ ከሳሊሃ ጎን ተቀመጠች።

ሂሻም ሁለቱን ሴቶች አያቸው። «ያው... ጥሩ ልጅ ናት» አለ።

«ጥሩ ልጅ በአገሩ ሞልቷል» አለች ፋኢዛ።

«ታዳምጠኛለች።»

«እኔ? እኔማ ስለ ማሽኖችህ ስታወራ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ።»

«እማዬ፣ አየሻት አይደል?» አለ ሂሻም፤ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ። ከዚያ ራሱን አከከና ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሥራ ቦታ ኃላፊ ነኝ፤ የማወራው አስቤ፣ መዝኜ ነው። ሰውም 'ልክ ነህ አለቃ' ይለኛል። እሷ ጋ ስገባ ሳላስብ እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ ትነግረኛለች። ጥርሴን ሳልነክስ የምቀመጥበት ቦታ እሷ ጋ ነው።»

ፋኢዛ ቀልድ አዘጋጅታ ነበር፤ ተወችው።

«እኔንስ ከተሳሳትኩ ማን ይነግረኛል?» አለች ሳሊሃ።

«እኔ...»

«አንተማ 'እሺ እማዬ' ነው የምታውቀው። ባለፈው ረመዳን ሾርባው ጨው በዝቶበት፣ ፊትህ እየተጨማደደ ጨርሰህ ጠጣኸው። አይቼሃለሁ።»

«አክብሬሽ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፤ አልሀምዱሊላህ፣ አልጠላሁትም። ግን ልጄ፣ ክብር ሳሎን ነው የሚቀመጥ፤ ጓዳ አይገባም። ደጅ ስወጣ እማማ ነኝ፤ ዘመድ ቤት የሂሻም እናት ነኝ። ሰይድ ከሞተ ወዲህ ስሜን ባዶውን የጠራኝ ሰው አልነበረም። ያ ሰውዬ ገበያ መሀል ሳሊሃ ሲለኝ ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ግን መልሶ መልሶ ይሰማኛል። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ያገባሁት ስለዳሩኝ ነው። ደግ ሰው ገጠመኝ፣ ቀናኝ። አሁን ግን ለምን እንደማገባ አውቄ ነው የማገባው።»

ሂሻም መልሶ ሲናገር ድምፁ የፈረቃ ኃላፊ ድምፅ አልነበረም።

«አባዬስ?» አለ።

ሳሊሃ የመጣችው ይህን ለመስማት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። የሰው አፍ፣ መጦሩ፣ ሁሉም ከዚህ ፊት የተደረደረ አጥር ነው።

«አባትህን የሚተካ የለም» አለች። «አብዱልወሀብም ይህን ያውቃል፤ እሱም የቀበራት ሚስት አለችው። ታውቃለህ፣ ስለ ሰይድ የማወራው ከሱ ጋ ነው። አንተ ፊት ስሙን ሳነሳ ዓይንህ እንባ ይሞላል፤ እተወዋለሁ። እሱ ግን ይሰማኛል፤ ሰምቶም ይፈርዳል። የጫማውን ነገር ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ሰይድ ልክ ነበር፤ በስተግራ ነው' አይለኝም! ከማያውቀው ሰው ጋር ሆኖ እኔን ይከራከረኛል!»

ሂሻም ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። እንባውም አብሮ ወጣ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«እማዬ» አለ፤ «በስተግራ ነው እኮ። በቀኝ ሲቀመጥ በሩ ሲከፈት ይመታዋል።»

«ምን አልክ?»

«አባዬ ልክ ነበር።»

ሳሊሃ ልጇን አፍጥጣ አየችው። ከወለደችው ጀምሮ ተሳስተሻል ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። ፋኢዛም ቀጠለች። ሦስቱም ምን እንዳሳቃቸው እስኪረሱት ሳቁ።

የዐስር ሰላት ደረሰና ሂሻም ወደ መስጊድ ሄደ። ሳሊሃም ቤት ውስጥ ሰገደች። ተነሥታ ስትቀመጥ እጇ አረፍ አላለም፤ የጋቢዋን ጥለት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። እንቢ ካለ እንቢ ነው ብላለች፤ ቃሏንም አታጥፍም። ቲማቲም ሻጮቹ ምን እንደሚሉ አሰበች። አብዱልወሀብን ሰኞ ምን እንደምትለው አሰበች። ይህን ስታስብ ፋኢዛን ውሃ ለመነች።

ሂሻም ተመልሶ ገባ። አልተቀመጠም። ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ደወለ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሼህ ጀላል። ሂሻም ነኝ። የትናንቱ ምሳ አይቆጠርም።»

ሳሊሃ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች።

«ይሁን ልጄ» አሉ ሼህ ጀላል ተሰብረው። «እንግዲህ ትተነዋል ማለት ነው።»

«አልተዋችሁትም። እንደ ወጉ እንደገና ትመጣላችሁ። የሚመጣው ሐሙስ ኑ፤ ዘመድ ላማክር ብዬ እመልሳችኋለሁ። በሳምንቱ ትመጣላችሁ፤ አሁንም እመልሳችኋለሁ። በሦስተኛው እሰጣለሁ። በአፌ እሰጣለሁ፣ ደስ ብሎኝ። እናቴ ግን በመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ ዓይን የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ልጇ ሰልችቷት ገፈተራት የሚል እንዳይኖር!»

«ሦስት ጊዜ!» አሉ ሼህ ጀላል። «ልጄ፣ የእኔን ጉልበት አይተኸዋል?» ከኋላቸው የአቶ ሞላልኝ ድምፅ «እውነቱን ነው፤ ለእናት ሲያንስ ነው!» ሲል ተሰማ።

ሳሊሃ እፎይ ብላ ሰውነቷ ሁሉ ተፈታ። ወዲያው ግን የተባለውን በጣቷ ቆጠረችው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ? አባቴ የሰይድን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ የመለሳቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እያለሁ ነው! አሁን እድሜዬን አታይም? አንድ ጊዜ መልሳቸውና በሁለተኛው ስጥ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ። ሙሽራ በሽምግልና አትገባም።»

«ማንን ነው ዝም በይ የምትለው?»

«አንቺን ነዋ! ወሊሽ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ።»

«ሁለት!»

«ሦስት!»

«እሺ ሦስት ይሁን፤ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ! ሰኞ፣ ማክሰኞ...»

ፋኢዛ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። ስልኩ ሂሻም እጅ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሼህ ጀላል ከወዲያ ማዶ፣ «ሃሎ? ሃሎ? እንግዲህ መቼ እንምጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው ግን አላገኙም።